ትንሽ ውሻ በመኪና ውስጥ የት ይቀመጥ?

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ትንንሽ ውሾችን በመኪና ይዘን ስንጓዝ ልናደርገው የሚገባንን ጥንቃቄ ይመለከታል። ውሻ ያላችሁ ለራሳችሁ፣ የሌላችሁ ደግሞ ለጎረቤትና ለወዳጅ እንድታካፍሉት በጥሞና ታዳምጡን ዘንድ በትሕትና እንጠይቃለን። የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አብዛኞቻችን ባደግንበት አገር ውሻ የግቢ ጠባቂ ነው። ቦታው ደጅ፣ ሥራው ሌሊት ነቅቶ መጠበቅ ነው። ሳሎን ውስጥ ታቅፎና ተሞላቅቆ የሚያድግ ትንሽ ውሻ የጥቂቶች ብቻ ነበር፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የሚባል ትንሽ ውሻ እንደነበራቸው የሚያስታውሱ አድማጮች ይኖራሉ። ዛሬ ለንደን ውስጥ ግን ልጆች ወላጆቻቸውን ለምነው ያስገዙት ቺዋዋ፣ ዮርክሻየር ቴሪየር፣ ሺ ትዙ ወይም ፓግ በሐበሻም ቤት ሶፋ ላይ ተኝቶ ይገኛል። ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፣ ሃምፕስቴድ ሂዝ ይሄዳል፣ በጋ ሲመጣ ከቤተሰቡ ጋር ብራይተን ባሕር ዳር ይወርዳል። የሚጓዘውም በመኪና ነው። እናትና አባቶቻችን ይህን አላስተማሩንም፤ እነሱን አላጋጠማቸውም ነበርና። እኛን አጋጥሞናል፤ ስለዚህ መማር አለብን።

ዋናውን ቁም ነገር ከወዲሁ ልንገራችሁ። ለትንሽ ውሻ በመኪና ውስጥ ከሁሉ የከፋው ቦታ የሰው ጭን ነው። ብዙ ሰው ትልቁን ውሻ ያስራል፣ ትንሹን ያቅፋል። «ይቺን የምታህል ነገር ምን ትሆናለች? ይዣት የለም ወይ?» ይላል። ይህ ከፍቅር የመጣ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ግጭት ሲደርስ እቅፍ የሚያድነው ነገር የለም። ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው።

አምስት ኪሎ የሚመዝን ውሻ አለን እንበል። መኪናው በሰዓት 30 ማይል፣ ማለትም 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። መኪናው ውስጥ ያለ ሁሉ፣ ሰውም ውሻም፣ በዚያው ፍጥነት እየሄደ ነው። መኪናው ድንገት ተጋጭቶ ቢቆም ያልታሰረው ውሻ በያዘው ፍጥነት ወደፊት መሄዱን ይቀጥላል። ይህ ፍጥነት ከዘጠኝ ሜትር ከፍታ የወደቀ ነገር መሬት ሲመታ ከሚኖረው ፍጥነት ጋር እኩል ነው። ውሻውን በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ውስጥ በክንዳችሁ ለማቆም ብትሞክሩ ክንዳችሁ ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 70 ኪሎ ይጠጋል። ሳያስበው ድንገት 70 ኪሎ ተወርውሮበት በእጁ አፍኖ የሚያስቀር ሰው የለም። ውሻው ከእጅ ያመልጣል፤ የፊት መስታወቱን፣ ዳሽቦርዱን ወይም ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው ጭንቅላት ይመታል። ልጆች ከኋላ ሆነው ይዘውት ከሆነ ደግሞ ከውሻው ጋር ልጆቹም ይጎዳሉ።

«እኛ የምንነዳው በከተማ ውስጥ ነው፤ ቀስ ብለን ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፤ በለንደን ብዙ መንገዶች ላይ ፍጥነት በሰዓት 20 ማይል ተወስኗል። ትራንስፖርት ፎር ለንደንም በመጋቢት 2020 በመሀል ከተማ የመጨናነቅ ክፍያ ክልል ውስጥ የሚያስተዳድራቸውን መንገዶች በሙሉ በዚሁ ፍጥነት ወስኗቸዋል። በ20 ማይል የግጭቱ ኃይል በ30 ከሚሆነው ከግማሽ በታች ነው። እንዲያም ሆኖ ከአራት ሜትር ከፍታ መውደቅ ማለት ነው። አጥንቱ እንደ እንጨት ስንጥር ለቀጠነ ቺዋዋ አራት ሜትር ብዙ ነው። ግጭት ባይኖርም እንኳ ብስክሌተኛ ድንገት ፊታችሁ ገብቶ ፍሬን ስትይዙ ውሻው ከወንበር ላይ ወድቆ እግሩን ሊሰበር ይችላል።

የፊት ወንበር ሌላ አደጋ አለው፤ እርሱም ኤርባግ ነው። ኤርባግ የተሠራው ቀበቶ ላሰረ አዋቂ ሰው ደረትና ጭንቅላት ነው። ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ ተነፍቶ ሲወጣ ተሳፋሪው ጭን ላይ ያለውን ትንሽ ውሻ በኃይል ይመታዋል። ሹፌሩ ጭን ላይ ያለ ውሻ ደግሞ በመሪውና በሹፌሩ መካከል ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ ውሻ ፊት አይቀመጥ። ሁለት ወንበር ብቻ ባለው መኪና ወይም ቫን ሌላ አማራጭ ከሌለ የተሳፋሪው ኤርባግ መጥፋት አለበት፤ ወንበሩም እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ መገፋት ይኖርበታል።

አሁን ወደ ሕጉ እንለፍ። የእንግሊዝ አሽከርካሪ ሁሉ ለፈተና ያጠናው ሀይዌይ ኮድ 57ኛ ደንብ ስለዚሁ ይናገራል። ውሻም ሆነ ሌላ እንስሳ ሹፌሩን እንዳያዘናጋ፣ መኪናው በድንገት ሲቆምም ሰውን ወይም ራሱን እንዳይጎዳ በአግባቡ ይታሰር ይላል። ለዚህም የመቀመጫ ቀበቶ ላይ የሚያያዝ የደረት ማሰሪያን፣ ማጓጓዣ ሳጥንን፣ የውሻ ኬጅንና የኋላ መከለያ ፍርግርግን በስም ይጠቅሳል። ይህን ደንብ መጣስ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ነገር ግን ውሻው አዘናግቷችሁ መኪናው ቢዋልል ወይም አደጋ ቢደርስ ደንቡ ፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ክሱ በግዴለሽነት ማሽከርከር ሊሆን ይችላል። ቅጣቱ እዚያው መንገድ ላይ ከሆነ 100 ፓውንድና መንጃ ፈቃድ ላይ ሦስት ነጥብ ነው፤ ፍርድ ቤት ከደረሰ ግን ነጥቡ እስከ ዘጠኝ፣ ገንዘቡም ዳኛው እስከወሰነው ድረስ ይወጣል። በመንጃ ፈቃዱ ለሚተዳደር ሰው ይህ እንጀራውን የሚነካ ነገር ነው። የመኪና ኢንሹራንስ ውላችሁንም አንብቡ፤ ስለ እንስሳት የሚል ነገር ካለ ከአደጋ በፊት እወቁት።

ታዲያ ትንሽ ውሻ የት ይቀመጥ? ሁለት ጥሩ መንገዶች አሉ።

አንደኛው ማጓጓዣ ሳጥን ነው፤ ብዙ ሰው ካሪየር ይለዋል። ለትንሽ ውሻ ከሁሉ የተሻለው ይህ ነው። ውሻው ቆሞ መዞርና ተጋድሞ መተኛት የሚችልበት ስፋት ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ሰፊ ከሆነ ግን ውሻው በግጭት ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ ከወዲያ ወዲህ ይላተማል። ትንሹን ሳጥን ለማስቀመጥ ጥሩው ቦታ ከፊት ወንበር ጀርባ፣ የኋላ ተሳፋሪ እግሩን የሚያሳርፍበት ወለል ነው። የፊቱን ወንበር ወደ ኋላ ስባችሁ ሳጥኑ እንዳይንቀሳቀስ ቆንጠጥ አድርጉት። እዚያ የተቀመጠ ሳጥን ወደፊት የሚወረወርበት መንገድ የለውም። ሳጥኑን የኋላ ወንበር ላይ አድርጎ ቀበቶውን ዙሪያውን ማጥበቅ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ለዚያ ተብሎ ካልተሠራ ቀበቶው ራሱ በግጭት ጊዜ ሳጥኑን ሊጨፈልቀው ይችላል። ስለዚህ የአምራቹን መመሪያ ሳታነቡ አታስሩት።

ሁለተኛው የደረት ማሰሪያ ነው፤ ሱቅ ስትጠይቁ ሃርነስ በሉ። ደረቱንና ትከሻውን አቅፎ ይይዛል፤ በአጭር ማያያዣ ወደ መቀመጫው ቀበቶ መቆለፊያ ይገባል። ማያያዣው አጭር ይሁን። ረጅም ከሆነ ውሻው ከወንበሩ ተወርውሮ እስኪወጠር ድረስ ይጓዛል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ንጥቂያ ደግሞ የባሰ ነው። ማያያዣውን በአንገት ማሰሪያው ላይ ፈጽሞ አታያይዙ። ዮርክሻየር ቴሪየርን የመሰሉ ትንንሽ ዝርያዎች የመተንፈሻ ቧንቧቸው በተፈጥሮ ደካማ ነው፤ አንገት ላይ የሚያርፍ ኃይል ሊያንቃቸው ወይም አንገታቸውን ሊሰብር ይችላል።

ሃርነስ ስትገዙ ለእግር ጉዞ የተሠራውንና ለመኪና የተሠራውን ለዩ። ለእግር ጉዞ የተሠራው ብዙ ጊዜ የፕላስቲክ መቆለፊያና ቀጭን ስፌት ነው ያለው፤ የመኪና ግጭት ኃይል ይበጣጥሰዋል። በ2013 አሜሪካ ውስጥ ሴንተር ፎር ፔት ሴፍቲ የተባለ ድርጅት ለመኪና ተብለው የሚሸጡ ሃርነሶችን በአሻንጉሊት ውሾች ላይ አስሮ በግጭት ሞክሯቸው ነበር። ሙከራው ውስጥ ውሻውን በአስተማማኝ ሁኔታ ወንበሩ ላይ ያቆየው አንዱ ብቻ ሆነ። ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ «ደህንነት» የሚል ቃል ስላለ ብቻ አትመኑ። በግጭት ተሞክሯል ወይ? የሞከረው ማን ነው? ለስንት ኪሎ ውሻ? ብላችሁ ጠይቁ። በወንበር ጭንቅላት መደገፊያ ላይ የሚንጠለጠሉ ለስላሳ የውሻ መቀመጫዎችም እንዲሁ ናቸው። ውሻው መስኮት ያይባቸዋል፣ ደስም ይለዋል፤ በግጭት ካልተሞከሩ ግን ከአደጋ አያስጥሉም።

አንድ ነገር እንጨምር። ውሻው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነፋስ እንዲመታው መፍቀድ የተለመደ ነው። አቧራና ጠጠር ዓይኑን ይጎዳል፤ ትንሽ ውሻ ደግሞ ተንሸራትቶ ሊወጣ ይችላል። መስኮቱን ለአየር ያህል ብቻ ክፈቱ፤ ውሻው በእግሩ ቁልፉን ረግጦ እንዳይከፍተውም የኋላ መስኮቶችን ቆልፉ።

መቼም ሳጥን ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ውሻ በመጀመሪያው ቀን ያለቅሳል። ባለቤቱም አንጀቱ አልችል ይልና አውጥቶ ያቅፈዋል። ውሻውም ማልቀስ እንደሚያስወጣ በዚያው ይማራል። ስለዚህ ልምምዱ ከጉዞው በፊት፣ ቤት ውስጥ ይጀመር። ሳጥኑን ሳሎን አስቀምጡት፣ በሩን ክፍት ተዉት፣ የሚወደውን ብርድ ልብስና ምግብ ውስጡ አድርጉለት። በገዛ ፈቃዱ ገብቶ መተኛት ሲጀምር በሩን ለጥቂት ጊዜ ዝጉ። ቀጥሎ ሞተሩ ሳይነሳ መኪና ውስጥ፣ ከዚያ በሰፈር ዙሪያ አጭር ጉዞ፣ ከዚያ ረጅሙን ሞክሩ።

ብዙ ቡችላዎች መኪና ያስመልሳቸዋል። ሚዛን የሚጠብቀው የጆሮ ውስጥ ክፍላቸው ገና ስላልጠነከረ ነው፤ ብዙዎቹ ሲያድጉ ይተዋቸዋል። ምራቅ ማዝረብረብ፣ ደጋግሞ ማዛጋትና መንቀጥቀጥ ምልክቶቹ ናቸው። ከጉዞ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት ምግብ አትስጡ፤ ውሃ ግን አትከልክሉ። ካልተሻለው የእንስሳት ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት አለ። የሰው መድኃኒት ግን በግምት ቆርሳችሁ እንዳትሰጡ፤ ለአምስት ኪሎ አካል ትንሽ የሚመስለው መጠን መርዝ ሊሆን ይችላል።

አሁን ደግሞ ከግጭት የማይተናነስ ገዳይ ወደሆነው ነገር እንምጣ። እርሱም ሙቀት ነው። ውሻ እንደ ሰው በመላ አካሉ አያልብም፤ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። የቆመ መኪና ውስጥ ያለው አየር ሲግል ማለክለኩ አይጠቅመውም። አርኤስፒሲኤ የተባለው የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር እንደሚያስጠነቅቀው፣ የውጭው አየር 22 ዲግሪ ሲሆን የቆመ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት ውስጥ 47 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። 22 ዲግሪ ለእኛ ደስ የሚል የለንደን ቀን ነው። መስኮቱን ትንሽ ከፈት ማድረግ ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ ጥላውም ፀሐይ ስትዞር ይሄዳል። እነፓግና ፍሬንች ቡልዶግ አፍንጫቸው የተጨፈለቀ ስለሆነ መተንፈስ በቀዝቃዛ ቀንም ያስቸግራቸዋል፤ በሙቀት ቀድመው የሚወድቁት እነሱ ናቸው።

እዚህ ላይ በተለይ ለእኛ ማኅበረሰብ የሚሆን ማሳሰቢያ አለን። ውሻ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገባም። ለቅሶ ቤትም፣ ክርስትናም፣ ሰርግም ይዞት የሚሄድ የለም። «ቶሎ እመለሳለሁ» ተብሎ መኪና ውስጥ ይተዋል። ቅዳሴ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ሁላችንም እናውቃለን። ለቅሶ ቤት ገብቶም በአምስት ደቂቃ የሚወጣ የለም። እንዲህ ያለ ቀን ውሻውን ቤት ተዉት፤ ወይም ጎረቤት አደራ በሉ። በ2006 የወጣው የእንስሳት ደህንነት ሕግ ባለቤቱን ስለ ውሻው ደህንነት ኃላፊ ያደርገዋል። እንስሳን ያለ አግባብ ማሠቃየት የሚያስከትለው እስራት ከ2021 ጀምሮ እስከ አምስት ዓመት ከፍ ብሏል።

መኪና ውስጥ በሙቀት የተጨነቀ ውሻ ብታዩስ? ወዲያውኑ 999 ደውሉና ለፖሊስ ተናገሩ። ውሻው ከወጣ በኋላ ወደ ጥላ ውሰዱት፣ ቀዝቃዛ ውሃ አካሉ ላይ አፍስሱበት፣ አራግቡለት፣ ትንሽ ትንሽ ውሃ አጠጡት። በዚሁ በለንደን ካምደን የሚገኘው የሮያል ቬተሪናሪ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ምክር ቅደም ተከተሉን በግልጽ ያስቀምጠዋል፤ አስቀድሞ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም መውሰድ። እየጋለ እያለ ጭኖ መሮጥ የመዳኛውን ሰዓት መንገድ ላይ ማባከን ነው።

ረጅም መንገድ የምትሄዱ ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ቆም እያላችሁ ውሃ አጠጡት፣ አናፍሱት። በር ከመክፈታችሁ በፊት ገመዱን ያዙ። በጉዞ ላይ ብዙ ውሾች የሚጠፉት በር በተከፈተበት ቅጽበት ነው። መኪናው ሞተርዌይ ላይ ቢበላሽ ሰዎች በግራ በኩል ወርደው ከመንገዱ ርቀው ይቆማሉ። እንስሳውን ግን ሀይዌይ ኮድ መኪናው ውስጥ ተዉት ይላል፤ አስገዳጅ አደጋ ከመጣ ብቻ አውጥታችሁ በገመድ አጥብቃችሁ ያዙት። ኤም 25 ላይ አንድ ያመለጠ ትንሽ ውሻ እሱ ብቻ አይደለም የሚሞተው፤ እሱን ለማዳን መሪ የሚጠመዝዝ ሹፌርም አለ። ድንገት ውሻ ገጭታችሁ ከሆነም አትለፉ፤ የ1988 የመንገድ ትራፊክ ሕግ ቆማችሁ እንድታሳውቁ ያስገድዳል።

ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ውሻ ሁሉ ማይክሮቺፕ እንዲኖረው ሕግ ያዛል። ቺፑ ብቻውን አይበቃም፤ ቤት ስትቀይሩ ወይም ስልክ ስትለውጡ መዝገቡም መታደስ አለበት። አደባባይ የሚወጣ ውሻ የባለቤቱ ስምና አድራሻ የተጻፈበት የአንገት ማሰሪያ እንዲያደርግም ግዴታ ነው። ስርቆትንም አስቡ። ትንሽ ውሻ በአንድ እጅ ተነሥቶ ኮት ሥር ይገባል። ከነሐሴ 2024 ጀምሮ የቤት እንስሳ መስረቅ በእንግሊዝ ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኗል፤ ቅጣቱም እስከ አምስት ዓመት እስራት ነው። ሕጉ ሌባውን ይቀጣል፤ ውሻውን ግን ላይመልስ ይችላል። ለሱቅም ብላችሁ መኪና ውስጥ ብቻውን አትተዉት።

በሚኒካብና በታክሲ ሥራ ለተሰማራችሁ ወንድሞችና እኅቶች አንድ ቃል አለን። የደንበኛን የቤት ውሻ መጫንና አለመጫን በአብዛኛው የእናንተ ፈቃድ ነው። ዓይነ ስውርን የሚመራ ወይም አካል ጉዳተኛን የሚረዳ ውሻ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የ2010 የእኩልነት ሕግ ያለ ተጨማሪ ክፍያ መጫን ግዴታ ያደርገዋል፤ እምቢ ያለ ሹፌር እስከ 1,000 ፓውንድ ሊቀጣና የሥራ ፈቃዱን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። የውሻ ፀጉር የሚያስነጥሳችሁ፣ አስም ያለባችሁ፣ በሐኪም ማስረጃ ከትራንስፖርት ፎር ለንደን የነፃ መሆኛ ወረቀት አስቀድማችሁ አውጡ። ተሳፋሪ የምትሆኑም ውሻ እንዳላችሁ መኪና ስታዝዙ ተናገሩ፤ ሳጥኑንም ራሳችሁ ይዛችሁ ውጡ።

ሳጥን መግዛት ወይም ለሕክምና መክፈል የከበዳችሁ አትሸማቀቁ። በ1917 በምሥራቅ ለንደን ዋይትቻፕል ማሪያ ዲኪን የመሠረተችው ፒዲኤስኤ እስከ ዛሬ ድጎማ የሚያገኙና ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ሰዎችን እንስሳት በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ ያክማል። ብሉ ክሮስ የተባለው ድርጅትም ከ1906 ጀምሮ ቪክቶሪያ ውስጥ የእንስሳት ሆስፒታል አለው። መጠየቅ ነውር አይደለም።

አድማጮቻችን፣ ሰዓታችን እየተገባደደ ነው። አገራችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚል ተረት አላት። ማሰሪያ ከአደጋ በኋላ ቢገዛ ጥቅም የለውም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጉዞ ቁልፉን ከማዞራችሁ በፊት አራት ነገር አረጋግጡ። ውሻው ከኋላ ነው፤ ሳጥን ውስጥ ነው ወይም በደረት ማሰሪያ ታስሯል፤ በምትሄዱበት ቦታ ብቻውን መኪና ውስጥ አይቀርም፤ ቺፑና የአንገት ማሰሪያው ላይ ያለው ስም ትክክል ነው። ልጆቻችሁንም ይህን አስተምሯቸው። ውሻውን በጣም የሚወዱት እነሱ ናቸው፤ ከጭናቸው ለማውጣት የሚከብዳቸውም እነሱ ናቸው። ምክንያቱን ስትነግሯቸው ግን ይገባቸዋል፤ እናንተ ስትረሱም የሚያስታውሷችሁ እነሱ ይሆናሉ።

መልካም መንገድ ይሁንላችሁ።